ድስቱ ጋ ያልደረሰ ስብከት

መቼም ሥልጠና የማይወድ የከተማ ሰው የለም። በቅርቡ ከመካከላችን አንዱ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተዘጋጀ የሁለት ቀን የ«ተግባቦትና አመራር» ሥልጠና ላይ ተቀምጦ መጣ። አዘጋጁን አንጠራም። ብንጠራውም ለውጥ የለውም፤ ሁሉም አንድ ናቸው። የሆቴል አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ፍሊፕ ቻርት፣ የታሸገ ውኃ፣ የሻይ ሰዓት (ጾም ስለነበር ብስኩቱም የጾም ነው)። አሠልጣኙ ከረባቱን አስተካክሎ «ራዕይ፣ ተልእኮ፣ እሴት» ይላል። ሰባኪ እጁን እንዴት ማንቀሳቀስ እንዳለበት ያሳያል። የፌስቡክ ተከታይ እንዴት እንደሚበዛ ያስረዳል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ አበል ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል። አለቀ።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ የገጠር ቄስ ግን ከሻዩ በፊት እጃቸውን አውጥተው ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መልካም ነው። የተናገርነው ነገር መሰማቱን በምን እናውቃለን?» አሉ። አሠልጣኙ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አባታችን» አለና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

እኛ ግን አናልፍም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

ክርክራችን አጭር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የመናገር ችግር የለባትም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምራ ስትናገር ኖራለች፤ ዛሬ ደግሞ ቴሌቪዥን አላት፣ ድምፅ ማጉያ አላት፣ ዩቲዩብ ላይ የማይቆጠር ሰባኪ አላት። የጎደላት «ያልነው ነገር የት ደረሰ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። ይህ ደግሞ የንግግር ችሎታ ጉድለት አይደለም። የአመራር ጉድለት ነው። በፓወር ፖይንት አይድንም።

ፕሮቴስታንት ወዳጆቻችን እዚህ ላይ ፈገግ እንዳትሉ። የእናንተም «ሚኒስትሪዎች» ከባሕር ማዶ በተገለበጠ «ቪዥን» እና በየወሩ በሚጠራ የመሪነት ኮንፈረንስ የታጨቁ ናቸው። በሽታው የጋራ ነው። እኛ የምንጽፈው ስላደግንበት ቤት ስለሆነ ነው።

ሰቆጣን ምስክር እንጥራ

ነገሩ የካፌ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ቦታ እንያዝ። ሰቆጣን። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ፣ በዙሪያዋ ከዓለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የያዘች፣ ማሯ በየገበያው የሚወደስ፣ ስሟ ግን ከማሯ ይልቅ ከረሃብ ጋር የሚነሣ ከተማ።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ይፋ አደረገ። ቃሉ በአውሮፓውያኑ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ማስቀረት ነው። ስሙ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ የ1977ቱን ረሃብ የሚያነሣ ሁሉ ዋግን ሳያነሣ አያልፍም። ሥራውም መጀመሪያ የተተከለው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው።

መቀንጨር ማለት ልጁ አጭር ሆነ ማለት ብቻ አይደለም። ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደቱ ባሉት ሺህ ቀናት ውስጥ ያልተመገበ ልጅ አእምሮውም ይጎዳል፤ በኋላ ቢመገብ እንኳ ያለፈውን መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ከመወቀሳችን በፊት አንድ ነገር እንመን። ድርቁን ቄሱ አላመጡትም። የተራቆተውን መሬት ሰባኪው አላራቆተውም። ዋግን የሚያስርበው ከሁሉ በፊት ዝናብ፣ መሬትና ድህነት ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጦርነት። የኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በቤት ውስጥ አንድ እንቁላል በተገኘበት፣ ፍየሏ በታለበችበት ቀንስ? ያ እንቁላልና ያ ወተት የአንድ ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል ወይ?

የጾም ድስት፣ የፍስክ ድስት

ሰቆጣ አጠገብ ያደገች የዓምዳችን ባልደረባ የእናቷን ነገር ስትነግረን አንስቅም አናለቅስም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቷ የፍስኩን ድስት አጥባ፣ በአመድ ፈትጋ፣ ትሰቅለዋለች። ታናሽ ወንድሟ ያኔ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ፍየሏ ትታለባለች። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል ወይ ይሸጣል። እንቁላሉም ገበያ ይወጣል። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ሽሮና እንጀራ ይበላል። «ለልጁ ለምን አልሰጠሽውም እማ?» ስትላት፣ «ምን ብዬ? በጾም ቤቴን ላስገድፈው?» አለቻት።

ልብ በሉ፤ እናትየዋ ጨካኝ አይደለችም። ለልጇ ነፍሷን ትሰጣለች። ግን ድስቱ እንዳይነካካ ትፈራለች፣ ጎረቤት ምን ይላል ትላለች፣ የንስሐ አባቷ ቢሰሙ ታፍራለች። የምታምነውን ሃይማኖት እንደገባት አክብራለች።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች? በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ የጾም ግዴታ የሚጀምረው ከሰባት ዓመት ነው። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ደግሞ በንስሐ አባት በኩል የሚታይ መንገድ አለ። ስለዚህ እዚህ ጉዳይ ላይ ዶግማ መንካት አያስፈልግም። ቀኖና ማሻሻል አያስፈልግም። ሲኖዶስ መሰብሰብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያለውን ትምህርት ከቅኔ ማሕሌቱ አውጥቶ እስከ ድስቱ ማድረስ ብቻ ነው።

አልደረሰማ! ሒሳቡን እንሥራው። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት… ለምእመኑ የታዘዙት ቀናት ሲደመሩ በዓመት ወደ 180 ይጠጋሉ። ይህ ማለት ከእናቱ ጋር «የሚጾም» ሕፃን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታቱ አንዱን ዓመት ያህል ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ያሳልፋል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም! ማንም ያልሰበከው ስብከት እየተፈጸመ ነው፤ ምክንያቱም ተቃራኒውን ጮክ ብሎ የሰበከ የለም። «ሕፃን ጾሞ ቆረበ» ብለን ስናሞግስ ሰምተናል። ከዐውደ ምሕረት ቆሞ «እናቴ፣ የዓመት ልጅሽን ዛሬ ዓርብም ቢሆን እንቁላል አብዪው፣ ኃጢአት የለብሽም» ሲል የሰማነው አባት ግን በጣት ይቆጠራል።

አዎ፣ የተሠራ ነገር አለ። በአማራ ክልል ካህናት ይህንኑ እንዲያስተምሩ የተደረጉ ጥረቶች ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም ገብቶበታል። ደግ ነው፣ እናመሰግናለን። ግን ፕሮጀክት ያልቃል፤ ጾም በየዓመቱ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን የራሷ ትምህርት በለጋሽ በጀት የሚሰበክና በጀቱ ሲያልቅ የሚቆም ከሆነ፣ ያ የአመራር ውድቀት እንጂ ሌላ ስም የለውም።

«ካህን ስለ ምግብ ምን አገባው?» ለሚለን መልስ አለን። በ2006ና በ2007 ዓ.ም. ኢቦላ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲፈጅ፣ ነጭ ቱታ የለበሱ ባለሙያዎች «ሬሳ አትንኩ» እያሉ ቢለፉም ሰዉ ወገኑን በድብቅ እያጠበ ይቀብር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከክርስቲያንና ከሙስሊም የሃይማኖት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ክብር ያለውና ከበሽታው የሚጠብቅ የቀብር ሥርዓት ያወጣው ከብዙ ሞት በኋላ ነው። ሰው በሃይማኖት ምክንያት የሚያደርገውን ነገር የሚያስተወው የሃይማኖት አባት ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻዋን ከንስሐ አባት ጋር ተከራክራ አታሸንፍም፤ መከራከርም አልነበረባትም።

በማን ቋንቋ?

የዋግ ሰው፣ በተለይ የገጠሩ፣ አፉን የፈታው በኽምጣና ነው። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የላስታን ዓለት የፈለፈለው የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ከአገው ወገን መሆኑን ታሪክ ያስተማረን ሁሉ ያውቃል። ዛሬ በአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን ኽምጣና የአየር ሰዓት አለው።

ከላይ የሚወርደው የቤተ ክህነት ደብዳቤ ግን አማርኛ ነው። መግለጫው አማርኛ ነው። የሥልጠናው ጥራዝ አማርኛ ነው፤ ያውም እኛ እንኳ ሁለቴ የምናነበው የቢሮ አማርኛ። የአጥቢያው ካህን ራሳቸው የኽምጣና ልጅ ሆነው፣ ቅዳሴውን በግእዝ ቀድሰው፣ ደብዳቤውን በአማርኛ አንብበው፣ ከቤታቸው ሲገቡ በኽምጣና ያወራሉ። ከእናቲቱ ድስት ጋር የሚነጋገረው ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የላይኛው አመራር አንድም ቃል ያልጻፈበት!

«ግእዝን ልታስወግዱ ነው» እንዳትሉን። ግእዝ ይቀደስበት፣ ዘላለም ይቀደስበት። እኛ የምንለው ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ምክሩ፣ ስለ መመሪያው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በጉባኤ መካከል የሚገቡ ጥቂት ቃላት ከማይገቡ እልፍ ቃላት እንደሚበልጡበት ነግሯቸዋል። ምንጩ ጥንታዊ ነው፤ አዲስ የኮሙኒኬሽን ቲዎሪ አላመጣንም።

የቋንቋን ነገር ችላ ማለት የት እንደሚያደርስም አይተናል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበር። ሹመቱ ከሕግ ውጭ ነበር፤ በዚህ አንደራደርም። ሕግ ተጣሰ ብሎ መጮህ ግን ጥያቄውን አያጠፋውም። ዋግ ዝም ስላለ አልከፋውም ማለት አይደለም።

የዘገየ ቃል

ቃል በቋንቋው መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ በጊዜው መድረስ አለበት። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ዋግና ትግራይ ጎረቤት ናቸው። አበርገሌ የሚባል ወረዳ እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። በአንድ ታቦት የሚማማሉ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ማዶ ሆኑ። የአበርገሌና የጻግብጂ ተፈናቃይ ሰቆጣ ዙሪያ ድንኳን ውስጥ ገባ። በዚያ ሁሉ ወራት ከላይ የሚጠበቀው የአንድ አባት ድምፅ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ለሚያለቅሰው እናት እኩል የሚሰማ።

የመጣው ግን ምን ነበር? ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ በወጣ የቪዲዮ መልእክት ድምፃቸው እንደታፈነ ተናገሩ። የትግራይ አባቶች ከማእከሉ ተለዩ። ይቅርታ የተጠየቀው የፕሪቶሪያው ስምምነት (ጥቅምት 23 ቀን 2015) ከተፈረመ ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ልዑኩ መቀሌ ሲደርስ የሚቀበሉት የትግራይ ሊቃነ ጳጳሳት አልነበሩም፤ በዚያው ወር በአክሱም የራሳቸው ሹመት ተፈጸመ።

ይቅርታው ስሕተት ነበር አንልም። ትክክል ነበር፤ ዘገየ እንጂ። ዝናብ በነሐሴ ካልመጣ በኅዳር ቢመጣ አውድማ ያበላሻል፤ ይህን ለዋግ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። የዋግ ተፈናቃይም እስከ ዛሬ የራሱን ቃል ይጠብቃል። በእርሱም ላይ ለደረሰው «አዝነናል፣ ዘግይተናል» የሚለው ሰው ይፈልጋል።

አዋጅ ነጋሪው ሒሳብ ያቅርብ

የሚገርመው ነገር፣ መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ የሰበካ ጉባኤ ሕግ አወጣች። ስሙ ምንድን ነው? «ቃለ ዐዋዲ»። የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ! የአስተዳደር ሕግን በአዋጅ ነጋሪ ስም የሰየመ ተቋም ተግባቦትን ከሆቴል አዳራሽ ይማራል? ሕጉ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲመሩ ይላል። አዋጁ ከላይ ወደ ታች ብቻ እንዲወርድ አልተጻፈም። ያንን ሕግ ያስገኙት ፓትርያርክ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሡ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ሕጋቸው ግን ዛሬም አለ። በየአጥቢያው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ።

እኛ ራሳችን ለዋግ ተፈናቃዮች፣ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ለተመታው ለሰሃላ ሰየምት ሕዝብ፣ በየአጥቢያችን ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር ሰጥተናል። ስንት ተሰበሰበ? ምን ተገዛ? ለማን ደረሰ? ይህን የሚል አንዲት ወረቀት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተለጥፋ ያየ ከመካከላችን የለም። «ምጽዋት በስውር ነው» ይሉናል። ወገኖቻችን፣ በስውር መሆን ያለበት ሰጪው ነው። ገንዘቡን የያዘው ሰው በስውር እንዲሆን ወንጌል አላዘዘም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እስቲ ዛሬ ማታ አንብቡት። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ በዕለት እደላው መበለቶቻችን ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። የቋንቋ ጉዳይ፣ የእርዳታ ጉዳይ፣ የአስተዳደር ጉዳይ… ዛሬ ሰቆጣ ላይ ያለው ሁሉ እዚያ አለ። ሐዋርያቱ «ስም አጥፊዎች» ብለው መግለጫ አላወጡም። ሕዝቡን ሰበሰቡ፣ ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ፣ የተመረጡት ሰባቱም ስማቸው ግሪክኛ ነው። ለተበደለው ወገን ማደያውን ሰጡት! ይህን የሚያህል የአመራር ሥልጠና የትኛው ሆቴል ይሰጣል?

እንግዲህ ምክር ካላችሁ…

ነቅፎ መሄድ የሰነፍ ሥራ ነው እንዳትሉን፣ ያለ አበልና ያለ ሻይ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ያላችሁን መስመር ተጠቀሙ። የንስሐ አባት እያንዳንዱን ቤት በስም ያውቃል፤ ምድጃ ድረስ ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፣ ጽዋ ማኅበር አለ። ይህን የሚያህል መረብ የትኛውም መሥሪያ ቤት የለውም። ሁለት ልብስ ባነር ከማሠራት አንድ የንስሐ አባት «ለልጅሽ ያልኩሽን ሰጠሽው ወይ?» ቢል ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በኽምጣና ተናገሩ፣ በኽምጣና ጻፉ። የልጆች አመጋገብና ጾም ጉዳይ ላይ የሚወጣ ምክር መጀመሪያ በኽምጣና ይዘጋጅ፤ ወደ አማርኛ የምንተረጉመው እኛ እንሁን።

ሦስተኛ፣ እናቶችን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስለ ድስት የሚወስን ጉባኤ ላይ ድስት የምታጥብ ሴት አለመኖሯ ራሱ መልስ ነው። አንዳንዴ መፍትሔው ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስት ናት። ይህን ለማሰብ ሦስት ዲግሪ አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ሒሳቡን በር ላይ ለጥፉ። በየሩብ ዓመቱ፣ በትልቅ ፊደል። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። ቃለ ዐዋዲ ማለት ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ስትሳሳቱ ፈጥናችሁ፣ ራሳችሁ፣ በቦታው ተገኝታችሁ ተናገሩ። ይቅርታ እንደ እንጀራ ነው፤ ትኩስ ሲሆን ይበላል።

ለእኛ ለከተማ ወጣቶችም አንድ ቃል። የሰበካ ጉባኤ ወንበር ለኛም አለ፤ ሕጉ ሰጥቶናል። እኛ ግን በየካፌው የአባቶችን ስም እያነሣን እንሳለቃለን፣ የምርጫው ቀን ሲደርስ እንተኛለን። መጠየቅ የማይፈልግ አመራርን የሚያኖረው የማይጠይቅ ምእመን ነው።

እነዚያ ከኋላ ወንበር የነበሩት ቄስ ሰርተፊኬታቸውን ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ይዘው እንደወጡ ባልደረባችን ነግሮናል። ጥያቄያቸው አልተመለሰም። መልሱን ግን እርሳቸው ሳያውቁት አይቀሩም፤ የሚቀጥለው ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የንስሐ ልጃቸው ቤት ይሂዱ፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጡ፣ ሕፃኑ ምን እንደበላ ይጠይቁ። እንቁላል ከሆነ ስብከቱ ተሰምቷል። ሽሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ አልተሰማም፤ እንደገና ይስበኩ።